የአራተኛው ፎቅ ጠፈርተኛ

በየሕንፃው ማንም ሳይጠራው የሚያክም አንድ ጎረቤት አለ፤ "እኛ ጋ የለም" የሚል ካለ እሱ ራሱ ነው። የእኛው ግን የዋዛ አይደሉም፦ ክቡር ጋሽ ጠፈር፣ ጡረታ የወጡ ሰዓት ጠጋኝ፣ ከሚኖሩበት አራተኛ ፎቅ በላይ ወጥተው የማያውቁ የኅዋ ሊቅ!

አንድ ቀን በሬዲዮ፣ ጠፈር የወጣ ሰው በጭንቀት የሰውነቱ መከላከያ እንደሚዳከም፣ ውስጡ ያንቀላፋ ቫይረስም እንደሚነቃበት ሰሙ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አላየንም። ሊፍት ውስጥ ካስነጠስኩ፣ "አየህ! ሽቅብ መውጣት ነው!" ይሉኛል። የምድር ቤቷን ልብስ ሰፊ ከንፈሯን ምች ቢመታት፣ "የምን ምች? የተኛው ቫይረስ ነቅቶብሽ ነው። ጠፈርተኞቹንም እንዲሁ ያደርጋቸዋል" አሏት።

"ጋሼ፣ ጠፈርተኞቹም አማት አላቸው?" አለች፣ ጭንቀቷ ሁሉ አብረዋት ከሚኖሩት አማቷ የሆነው ልብስ ሰፊ።

"ይኖራቸዋል፤ ግን ሩቅ ናት" አሉ፣ በጥሞና አስበውበት።

ባለቤቴማ ሲያንኳኩ መብራት አጥፍታ ትደበቅ ነበር። "ተኝታለች በላቸው" እያለች ስንት ውሸት አስዋሸችኝ!

ከዚያ ካንሰር ያዛት። ከከባዱ መድኃኒት በኋላ ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሟ፣ "መከላከያዋ ወርዷል፤ ተራ ጉንፋን እንኳ ለሕይወቷ ያሰጋል። ጠያቂ አይግባ" አሉን። ዘመድ ግን ይህን በየትኛው ጆሮው ይሰማል? በማግስቱ አክስቷ ሳላቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። እኔ በይሉኝታ በሩን ልከፍት ስል፣ ጋሽ ጠፈር ወንበር ተሸክመው ደርሰው ደጃችን ላይ ተተከሉ።

"ጠፈርተኛ ሊሄድ ሲል ከሰው ይለያል። ልጁ እንኳ አይስመውም!"

"እኔ እኮ አክስቷ ነኝ!"

"እሱን ለቫይረሱ ይንገሩት!"

አክስት እያጉረመረሙ ወረዱ። እኔ በትዳር ዘመኔ ሁሉ ያልደፈርኩትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ! ከዚያ በኋላ አማቴም፣ አለቃዬም፣ መካሪውም ሁሉ ከደጅ ተመለሰ።

አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ወንበሩ የለም። ጋሽ ጠፈር ከታች፣ ደረጃው መታጠፊያ ላይ፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ አፍነው ተቀምጠዋል።

"አስነጠሰኝ፤ ራሴን አባረርኩ" አሉ አቀርቅረው። ይህን ብለው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? በተዘጋ አፍንጫቸው፣ ጭንቀት ነጭ የደም ሕዋስን እንዴት እንደሚያሰንፍ ከዚያው ሆነው ማብራራት ጀመሩ።

ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ተጣራች። "ምን እያሉ ነው?"

"ያው፣ ስለ ጠፈር። በሩን ልዝጋው?"

"ተወው። ጮክ ብለው ያውሩ በላቸው፤ አይሰማኝም።"