በሊቀመንበሩ ኮሌታ ላይ የቀረችው ማይክሮፎን

የሰውን ጠባይ ለማወቅ አብሮ መብላት፣ አብሮም መንገድ መሄድ ያስፈልጋል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የደረስኩበት ዘዴ ግን አጭር ነው። ማይክሮፎን ስጡት። አንዱ እንደ ሐብሐብ በጣቱ ያንኳኳታል። አንዱ «ድምፄ ይበቃል» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣትና ለጠረጴዛው ይናገራል። ሌላው ይሉኝታ ይዞት «ታላላቆች እያሉ» እያለ ለጎረቤቱ ያቀብላታል፣ ጎረቤቱም ለጎረቤቱ፤ አዳራሹን ዞራ አንድም ቃል ሳትሰማ ትመለሳለች።

ይህን የምለው በብሶት ነው። ጆሮዬ ከድቶኛል። እዚህ ኖርዌይ ኮሙኑ፣ ማለትም ማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለት የመስሚያ መሣሪያ ሰጠኝና በላዩ ላይ አውራ ጣት የምታህል ገመድ አልባ ማይክሮፎን መረቀልኝ። ተናጋሪው ኮሌታው ላይ ይሰካታል፤ ድምፁ በቀጥታ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል፤ ሌላ ሰው ምንም አይሰማም። ነገሩ ይኸው ነው። እሷን ከመሣሪያዎቹ ጋር ለማስተዋወቅ ብቻ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። መመሪያው በብዙ ቋንቋ ተጽፏል፤ አማርኛ የለበትም። ኖርዌይኛውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቁልፏን አምስት ሰከንድ ተጫኝ ይላል፤ ተጫንኩ። አረንጓዴ ብልጭ ትላለች ይላል፤ ቀይ ሆነች። በሕይወቴ ስንት ጡብ የሚያህል መጽሐፍ አንብቤ ጨርሻለሁ፤ እንደዚያች ስምንት ገጽ ያዋረደኝ የለም።

ይህም ቢሆን ከታደለ አይብስም። ታደለ የዕድራችን ሊቀመንበር ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ፣ ልቡ መልካም፣ ተረት መገልበጥ የማይታክተው ሰው። አንድ ጊዜ «በእግሩ የሚሄድ ቀስ በቀስ እንቁላል ይሆናል» ብሎ ሲያስተምር አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት አርሜዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ተረት በተናገረ ቁጥር ሰዉ ዞሮ እኔን ያያል።

ሊንደሩድ ሰፈር በምንከራየው አዳራሽ ማይክሮፎኗን የምሰካለት እኔው ነኝ። ከአገጭህ አንድ ስንዝር ዝቅ፣ ከልብስህ በላይ፣ አትነካካት፣ ስትጨርስ ቁልፏን ተጭነህ ዝጋት እለዋለሁ። እሺ ለማለት በኖርዌይኛ «ጃ፣ ጃ» ይለኛል። ከዚያ ስካርፉን ይደርብባታል፤ ጆሮዬ ውስጥ እህል የሚነፋ ወንፊት የገባ ይመስለኛል። ትንሽ ቆይቶ «ይሰማል እትዬ?» እያለ ያንኳኳታል፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሰው በር ይደበድባል። መዝጋትማ አንድም ቀን ዘግቷት አያውቅም።

ባለፈው ጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ስብሰባችን ለሻይ ተቋረጠ። ታደለ ማይክሮፎኗ ኮሌታው ላይ እንደተሰካች ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። የዕድሩ ጸሐፊ አልማዝ ተከተለችው። እኔ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ሻዬን አማስላለሁ። በመካከላችን ግድግዳ አለ፤ ለዚያች አውራ ጣት ግን ግድግዳ ምኗም አይደለም።

«ለእትዬ ጽጌ መቼ እንንገራት?» አለ ታደለ ጆሮዬ ውስጥ። «ወንድሟ ካረፈ ዛሬ ስድስት ቀኑ።»

«ቅዳሜ ማለዳ ይሁን» አለች አልማዝ። «ሥራ ቦታዬ ቢየርቪካ ቫክት አለኝ፣ ፈረቃዬን ከሰው ጋር ተቀያይሬ እመጣለሁ። እስከዚያ ከማንም እንዳትሰማ አደራ።»

«ጎኗ ቆሜ ስጮህ ያልሰማች ከማን ትሰማለች?»

«በል እንግዲህ፣ ተናጋሪው አንተ ነህ።»

«ሌላ ሰው ፈልጊ። እኔማ መርዶውን እያረዳኋት ተረቴን ታርመኛለች።»

ደሴ ያለው ወንድሜ አንድ ነው። እሑድ እሑድ ይደውልልኝ ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ጮክ ብለህ ተናገር እያልኩ ሳመናጭቀው፣ «አንቺ ሳትደነቁሪም አትሰሚም ነበር» አለኝ፤ ስልኩን ዘጋሁበት። በሚቀጥለው እሑድ ሳይደውል ቀረ። አኩርፎ ነው ብዬ እኔም አኮረፍኩት። ለካ ያኮረፍኩት አፈር የገባ ሰው ኖሯል።

ታደለ ተመለሰና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ሄደ። እኔ ሻዬ ላይ ስኳር ጨመርኩ። በስኳር አልጠጣም።

ለምን ዝም አልሽ ትሉኝ ይሆናል። ምን ልበል? መርዶ ባለቤቱ ራሱ ሄዶ የሚያመጣው ዕቃ አይደለም፤ ሰዎች ተሰብስበው በማለዳ ያደርሱለታል። ከአፋቸው ብነጥቃቸው ታደለ በዕፍረት ዳግመኛ ቀና ብሎ አያየኝም። ደግሞም ተናድጄ ነበር። ሐዘኔን ከሥራ ፈረቃ ጋር በሚያስማሙት፣ በማሽኗ፣ ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን ቃል ይዞብኝ በሄደው ወንድሜ። አራት ቀን ሙሉ አልማዝ በቀን ሁለት ጊዜ እየደወለች «በልተሻል እትዬ?» አለችኝ፤ በዓመት አንዴ የማትደውል ሴት። እንዳይነቃብኝ እንደወትሮዬ ክፉ ሆንኩባት። ደግ ብሆን ትጠረጥር ነበር።

ቅዳሜ ሊንደበርግ ሰፈር ባለው ቤቴ ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ወንበር ብደረድር ይታወቅብኛል ብዬ ቤቱን እንደተዝረከረከ ተውኩት። የሌሊት ልብሴን እንደለበስኩ መሣሪያዎቼን ጆሮዬ ውስጥ አድርጌ ጠበቅኋቸው። ሰባት ሆነው መጡ። ጫማቸውን በሩ ሥር አወለቁ፤ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም።

«እትዬ፣ ያቺ ነገርሽ የት አለች?» አለ ታደለ።

ሰጠሁት። ስካርፉን አውልቆ ለአልማዝ አስያዘ። ከአገጩ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎ ከኮቱ በላይ ሰካት። አላንኳኳትም። አረንጓዴ እስክትሆን ቆሞ ጠበቀ።

«ይሰማል?»

«ይሰማል።»

ነገረኝ። በዝግታ፣ አንዲት ቃል ሳትጠፋብኝ። አራት ቀን ሳውቀው የከረምኩት ነገር ያን ጊዜ ገና ደረሰ። እሪ አልኩ፤ አልማዝ ያዘችኝ። ሲለቀስ ቆይቶ ታደለ አጠገቤ ተቀመጠና ወንድሜ በእንቅልፉ እንዳለፈ፣ እንዳልተሠቃየ ነገረኝ። ከዚያ ሊያጽናናኝ ፈልጎ፣

«መቼም ከአሟሟቱ ሞቱ ይባላል» አለ።

ገልብጦታል። ስድስቱም እንባቸውን ይዘው ዞረው እኔን አዩ። ታደለም ስህተቱ ገባውና አንገቱን ደፋ።

«ይባላል» አልኩት።