መጀመሪያ አራግፍ ባይዋ ክብርት ወይዘሮ ገለቴ

ገንዘብ ይዘህ ሄደህ እንደ ለማኝ ደጅ የሚያስቆምህ ባለሙያ የሌለበት ከተማ የለም። አንዱ ጋ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያመጣህለትን ጨርቅ አገላብጦ ያይና «ይሄ ላንተ አይሆንም» ብሎ ይመልስሃል። ሌላው ጋ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ ራስህን ምን አስመስለህ መሸከም እንዳለብህ የሚወስነው እሱ ነው። ትማረራለህ፣ ሁለተኛ እግሬ አይረግጥም ብለህ ትምላለህ፣ በሳምንቱ እዚያው ደጅ ትገኛለህ። የላሊበላ ዕጣ ከሁሉም የባሰ ሆነና ክብርት ወይዘሮ ገለቴ ደረሱን፤ የቦርሳ ሁሉ እመቤት፣ የወስፌ ባለሥልጣን፣ የደንበኛ ጠላት።

እኔ በደርግ ዘመን አስጎብኚ ነበርኩ። ያን ጊዜ እንግዳ እንደ ልብ አይመጣም፤ ከወዳጅ አገሮች በቡድን በቡድን እየሆኑ የሚመጡትን ነበር አብያተ ክርስቲያናቱን የማሳያቸው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ፤ ለሚስት፣ ለእናት የሚሆን ነገር የት ይገኛል? አንገቴን ደፍቼ ወደ ወይዘሮ ገለቴ እወስዳቸዋለሁ። የምደፋው የሚጠብቀኝን ስለማውቅ ነው።

ቤታቸው እንደ አገራችን ወግ ክብ፣ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከላይ ይተኛሉ፣ ከታች ይሰፋሉ። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰፌድ አለ። «እንደምን ዋሉ?» ስትላቸው መልሳቸው «መጀመሪያ አራግፍ» ነው። በኪስህ የያዝከውን፣ በመቀነትህና በነጠላህ ጫፍ የቋጠርከውን ሁሉ ሰፌዱ ላይ ታራግፋለህ። እሳቸው በወስፌያቸው ጫፍ እያገላበጡ ያዩታል። ከዚያ ወይ ቆዳ ያነሳሉ፣ ወይ «በል ሂድ» ይሉሃል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ካለ ሁለተኛ አልተመለሰም።

ይሄ አመል የመጣው ከአባታቸው ነው። አባታቸው ማኅደር ሰፊ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ገብተውበት በትከሻ የሚንጠለጠለውን የቆዳ ቤት ማለቴ ነው። ማኅደር ደግሞ በግምት አይሰፋም። መጀመሪያ መጽሐፉ ይመጣል፣ ይለካል፣ ከዚያ ለእሱ ብቻ ይሰፋለታል፤ ለዳዊት የተሰፋው ለወንጌል አይሆንም። ገለቴ ይህን እያዩ አደጉና አንድ ቀን «የሴት ልጅ ጓዝስ ከመጽሐፍ በምን ያንሳል?» ብለው የመጀመሪያውን የሴት ቦርሳ ሰፉ። አገር ጉድ አለ። ቆዳ የሚያለፋ ወንድ እንኳ በሚናቅበት አገር ይቺ ሴት ጭራሽ ማኅደሩን የሚዶ ማስቀመጫ አደረገችው ተባለ።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሊገሥጿቸው ቤታቸው ድረስ መጡ። ወይዘሮ ገለቴ እጅ ነሥተው፣ በርጩማ አቅርበው፣ ተግሣጹን እስከ መጨረሻው በትሕትና ሰሙ። ሲያበቃ «አባቴ፣ እስቲ ያራግፉ» አሏቸው። መሪጌታ ሳያስቡት አራገፉ፤ ብርዕ፣ የቀለም ቀንድ፣ ግማሽ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ቆሎ። በሳምንቱ አዲስ ማኅደር አንግተው ታዩ። ለቆሎው ለብቻው ኪስ ነበረው። ከዚያ ወዲህ ከካህናቱ በኩል ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ ያለ የለም።

እኔን ግን ፍዳዬን አሳዩኝ። አንዴ ከቡልጋሪያ የመጣች ሐኪም ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ቦርሳ ወደደች። የጎረቤታችን የከፋለ ሚስት ወይንሸት ያሠራችው ነው፤ ማንገቻው እስኪደርቅ ነበር የተሰቀለው። ሐኪሟ ዋጋ ጨመረች፣ አሁንም ጨመረች። ወይዘሮ ገለቴ ከስፌታቸው ቀና ሳይሉ «ወይንሸት ነሽ?» አሏት። ምን አሉ ብላ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ቦርሳው የሌላ ሰው በመሆኑ በጣም እናዝናለን ብለዋል አልኳት። «አላዘንኩም» አሉኝ ወይዘሮ ገለቴ፤ ከፈረንጅ አፍ አንዲት ቃል ሳያውቁ የምዋሸውን በምን እንደሚለዩት እስከ ዛሬ አይገባኝም። በመጨረሻ ሐኪሟ የካፖርቷን ኪስ ሰፌዱ ላይ ገለበጠች። ኪኒን ወደቀ፣ ደረቅ ዳቦ ወደቀ፣ ከዚያ አንዲት የሕፃን ልጅ ካልሲ ወደቀች። ካልሲዋ አንድ እግር ብቻ ነበረች። ወይዘሮ ገለቴ ካልሲዋን አይተው፣ ማንም ምንም ሳይላቸው ከሁሉ የለሰለሰውን የፍየል ቆዳ አነሱ። ሐኪሟ ስታለቅስ እኔ የምተረጉመው ነገር አጣሁ።

እንግዲህ ይህን የመሰለች ሴት ባለችበት ከተማ ነው፣ በ1974 ዓ.ም. የሴቶች ስብሰባ በላሊበላ ይደረጋል የተባለው። ከሙጃ፣ ከኮን፣ ከኩልመስክና ከቆላው ተወካዮች ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዷ ቦርሳ ይሰጣታል ተባለ። የቀበሌ ሊቀ መንበራችን ጓድ አድማሴ ትእዛዙን ይዞ ወደ ወይዘሮ ገለቴ መጣ። ቦርሳዎቹ መጠናቸው አንድ፣ መልካቸው ካኪ፣ ፊት ለፊታቸው ላይ ቀይ ኮከብ። ጓድ አድማሴ ክፉ ሰው አልነበረም። የታዘዘውን ሁሉ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር፤ እሱም አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል።

«ሴቶቹ ይምጡና ያራግፉ» አሉት።

አብዮት በሰፌድ አይለካም አላቸው፤ በዚያ ላይ ጓዲት ገለቴ ብሎ ጠራቸው። በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ።

«ሴቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው ወይ?» አሉት።

«በአብዮቱ ፊት ሁሉም አንድ ናቸው።»

«እንግዲያውስ አንድ ቦርሳ ይበቃቸዋላ። በተራ ይያዙት።»

እኔ ደጅ ቆሜ ስሰማ ሳቄን ለመዋጥ ምላሴን ነከስኩ። ጓድ አድማሴ አልሳቀም። እንደታዘዘው ካልሠሩ ቤታቸው እንደሚታሸግ ነግሯቸው ሄደ። ያን ጊዜ የታሸገ ቤት ተመልሶ ሲከፈት አላየንም። ለወይዘሮ ገለቴ ደግሞ ያ ቤት እንጀራቸው ነው፤ ባል የላቸው፣ መሬት የላቸው፣ ያላቸው እጃቸውና ያች ምድር ቤት ናት። ጎረቤት ሁሉ እየሄደ ለመናቸው፤ እኔም ሄጄ ለመንኩ። ኮከብ መስፋት ምን አለበት፣ ካኪ ነው እንጂ መርዝ አይደል አልኳቸው። የስፌት ጅማታቸውን እየገመዱ ሰሙኝና ስትወጣ በሩን ዝጋው አሉኝ።

ስብሰባው ሳምንት ሲቀረው ሴቶቹ መግባት ጀመሩ። አሥራ ምናምን ይሆናሉ። ወይዘሮ ገለቴ አንድ በአንድ አስጠርተው አስራገፏቸው። የሙጃዋ እንዝርትና ጥጥ አራገፈች። የኮኗ አዋላጅ ነበረች፤ ምላጭና ክር ነበራት። ከቆላው፣ ከመኪናው መንገድ ዳር የመጣችው ኡሙሀኒ ግን ሰፌዱ ፊት ቆማ እጇን ዘረጋች፤ ምንም የላትም። የማራግፈው የለኝም እትዬ፣ ይቅርብኝ አለች። ገንዘቡም ቁልፉም ባሏ ዘንድ ነው፤ እሷ በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ነው የኖረችው። ወይንሸት ክር ልታቀብል አጠገባቸው ተቀምጣ ስለነበር የሆነውን የነገረችኝ እሷ ናት። ወይዘሮ ገለቴ ወስፌያቸውን አስቀምጠው፣ በሕይወታቸው ማንንም ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቋት፤ ምን መያዝ ትፈልጊያለሽ? ኡሙሀኒ ብዙ አሰበች። የራሴን አለች። ምንም ይሁን፣ ብቻ የራሴን። የእሷ ቦርሳ ከሁሉም ትልቁ ሆነ።

ስብሰባው ሲከፈት ሴቶቹ አዳራሹ ገቡ። ከላይ የመጡ ኃላፊ መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። የአንዷ ቦርሳ ረጅም፣ የሌላዋ ድቡልቡል፣ የአዋላጇ በክዳን የሚቆለፍ። ካኪ የለ፣ ኮከብ የለ። ኃላፊው ወደ ጓድ አድማሴ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ሹክ አሉት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ከሰዓት በኋላ የወይዘሮ ገለቴ በር በሰም ታሸገ። ክሱ የቡርዧ ዕቃ በማምረት ሕዝብን ማሳሳት ነው ተባለ። ወስፌያቸውን እንኳ ሳያወጡ ነው የታሸገባቸው። አላለቀሱም፣ አልለመኑም። ድንጋይ አምጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ፣ እዚያው ዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ጓድ አድማሴ እኔን አስጠራኝ። እንግዶቹን ወደ እሳቸው የምወስደው እኔ ስለሆንኩ፣ ሴትዮዋ ለፈረንጅ የቅንጦት ዕቃ ይሸጣሉ ብዬ እንድመሰክር ነው። ሥራህን ከወደድክ አለኝ፣ ቀሪውን ሳይናገር። ሥራዬን እወድ ነበር። ቆሜ ሳለ በሩ ተከፈተና የሙጃዋ ገባች። ጤና ይስጥልኝ ብላ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች። እንዝርት፣ ጥጥ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቡርዧው የትኛው እንደሆነ ያሳዩኝና ልጣለው» አለች።

እሱ አፉን ሳይከፍት የኮኗ አዋላጅ ገባች፤ ምላጯንና ክሯን ደረደረችና ያንኑ ጠየቀች። ከእሷ ኋላ የኩልመስኳ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። የጠረጴዛው ነገር ገበያ መሰለ፤ ሚዶ፣ ቅቤ በቅጠል፣ የጥርስ መፋቂያ፣ የልጅ ሳል መድኃኒት። ደግሞ የጓድ አድማሴ የገዛ ሚስቱ ወለተ ማርያም መጣች። የእሷ ቦርሳ የቆየ ነው፣ ከጋብቻቸው ጀምሮ ነበራት። ዘርግፋ ዘርግፋ ከሥር የእሱን መነጽር አወጣች።

«ይኸውልዎ ቡርዧው» አለችው፤ «ጠዋት ቤቱን ሁሉ ያተራመሱለት።»

ጓድ አድማሴ መነጽሩን ተቀብሎ አደረገ። ምን ያድርግ፣ ያለ እሱ አያነብም።

ከዚያ ኡሙሀኒ ገባች። ያን ትልቅ ቦርሳ ገለበጠችው። አራገፈችው፣ ደግማ አራገፈችው። አንድ ነገር ጠብ አላለም።

«ባዶ ነው» አላት።

«አዎን፣ ባዶ ነው» አለች፤ «ግን የኔ ነው። በኔ ልክ የተሰፋ ነገር ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው። እሱንም የሚወስዱብኝ ከሆነ ይውሰዱት፤ እኔ በእጄ አልሰጥም።»

ጓድ አድማሴ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ ወደ እኔ አዞረ፤ የሚያድነው ሰው የፈለገ ይመስል ነበር።

«ፈንታው፣ አንተ ተናገር እንጂ» አለኝ።

ሥራዬን አሰብኩ፤ ቤቴን አሰብኩ። ከዚያ ያን በር፣ ያን ድንጋይ፣ ያችን ግትር አሮጊት አሰብኩ። እንዲህ አልኩ፤

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ቦርሳ የለኝም። ስንት ዓመት ለምኛቸው እምቢ ብለውኛል። ለፈረንጅም እምቢ ይላሉ፣ ለእርስዎም እምቢ ብለዋል። በዚህ አገር ዛሬ እምቢ የሚል ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው የቀሩን። እሳቸው ከታሸጉ እኛ የት ሄደን እምቢ እንባላለን?»

ማንም አልሳቀም። ጓድ አድማሴ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ፣ ካፖርቱን ደረበና ወጣ። ሴቶቹ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጓዛቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉት፤ እኔም ተከተልኩ። ወይዘሮ ገለቴ ከድንጋያቸው አልተነሡም። እሱ ጎንበስ ብሎ ማሸጊያውን በገዛ እጁ በጠሰ። ለበላዮቹ ምን ብሎ እንደነገራቸው አላውቅም፤ በዚያው ዓመት ከሊቀ መንበርነቱ መነሣቱን ግን አውቃለሁ።

ሰዉ ሁሉ እልል ሲል እሳቸው ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሡና ወደ እኔ መጡ። «መስክር ተብለህ ሄደሃል አሉ፤ ምን አልክ?» አሉኝ። «እምቢተኛ ናቸው አልኩ» አልኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ያን ሰዓት በዓለም ላይ ከእሳቸው አብልጬ የምወደው ሰው አልነበረም፤ እንዲህ ብዬ ብነግራቸው እንደሚገላምጡኝ ስለማውቅ ዝም አልኩ።

«እውነት ተናግረሃል» አሉኝ። ከዚያ በሩን ከፍተው ገቡ፣ ሴቶቹንም አስገቡ። እኔን ግን አላስገቡኝም።