የእትዬ ተሾመች ምራቂ

ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ የሚሰጠው ምክር የሚበዛ ነጋዴ የሌለበት ገበያ፣ ገበያ ሳይሆን መጋዘን ነው። አንዱ ቲማቲም ሲመዝንልህ የጉበትህን ነገር ያነሳል፤ ሌላዋ ዝንጅብል ስትሸጥልህ ያልያዘህን ጉንፋን ታክምሃለች። የሐይቅ ከተማ ገበያ በዚህ ረገድ በማንም አይቀናም። ክብርት ሊቀ ጎመን እትዬ ተሾመች አሉለት።

እትዬ ተሾመች ከሐይቁ ዳር ካለው መሬታቸው የለቀሙትን ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና አበባ ጎመን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ገዢ "ስንት ነው?" ሲላቸው ዋጋ አይናገሩም። "እንዴት አድርገሽ ልትሠሪው ነው?" ብለው ይጠይቃሉ። "ቀቅዬ፣ ውሃውን ጨምቄ ደፍቼ" ያለች ሴት ጎመኑን ከማግኘቷ በፊት ተግሣጿን ትጠግባለች። ዝናው የሚባለውን የምግብ ቤት አብሳይ እንኳ "ጎመን ገዳይ! ላንተ የሚሸጥ የለኝም" ብለው ባዶ ኬሻውን አስይዘው መልሰውታል። በማግስቱ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ፤ ይቅር ያሉት ግን አከታተፉን ቆሞ ካሳያቸው በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ዕውቀት ያገኙት አንድ የግብርና ባለሙያ ለአትክልት አምራቾች ከሰጠው የግማሽ ቀን ሥልጠና ነው። ባለሙያው የጎመን ቤተሰቦች ስለያዙት ንጥረ ነገር አስረዳ። ሰውነት ጎጂ ነገሮችን እንዲያስወግድ ያግዛል አለ፤ ካንሰርን ስለመከላከልም ተስፋ የሚሰጥ ነገር ታይቷል፣ ግን ገና እየተጠና ነው አለ። እትዬ ተሾመች ሁሉንም አንድ ሳያስቀሩ ይዘው ተመለሱ፤ "ገና እየተጠና ነው" የምትለዋ ብቻ መንገድ ላይ ወድቃ ቀረች።

መስኡዳ ይህን ትምህርት ብዙ ጊዜ ሰምታዋለች። ስምንት ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ሴት ናት፤ አሁን የልብ ቀዶ ጥገና የተደረገላትን ታናሽ እህቷን ሀያን ታስታምማለች።

"ስሚኝማ መስኡዳ" ይሏታል እትዬ ተሾመች፣ ቅጠሉን ፊቷ ላይ እያወዛወዙ። "እዚህ ቅጠል ውስጥ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ደግሞ ማዶ ክፍል ነው፤ አይተያዩም። ስትከትፊው ግድግዳው ይፈርስና ሽማግሌው ይገባል፣ ልጅቱም ትዳራለች። ጥቅሙ ሁሉ የሚመጣው ከጋብቻው ነው። ሳትከትፊ ፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመርሽው ግን ሽማግሌውን ቀቀልሽው፤ ማን ያጋባ?"

"ታዲያ ምን ላርግ፣ እትዬ?"

"ከትፈሽ ግማሽ ሰዓት ተይው። ከቸኮልሽና ከቀቀልሽው ደግሞ ሰናፍጭ ጣል አርጊበት። ሰናፍጭ የራሱ ሽማግሌ አለው።"

መስኡዳ ሳቋን እየዋጠች ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን ቤቷ ገብታ እንደተባለችው አደረገች፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ምግብ አልወርድ ብሏት የነበረችው ሀያም ያንን ጎመን ጠርጋ በላች። ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኡዳ ሌላ ሰው ዘንድ ጎመን ገዝታ አታውቅም።

አንድ ነገር ግን ለእትዬ ተሾመች አልነገረቻቸውም። ሀያ የልቧ ቫልቭ ስለተቀየረ በየቀኑ የደም ማቅጠኛ ኪኒን ትወስዳለች። ደሴ ያሉት ሐኪሟ "ጎመን ደም የሚያረጋ ቫይታሚንም አለው፤ ከኪኒኑ ጋር ይጓተታል። አትከልክያት፣ መጠኑ ብቻ አይለዋወጥ" ብለዋት ነበር። መስኡዳ መጠኑን በየሁለት ቀኑ አንድ እስር አድርጋ ወሰነች፤ ኪኒኑም በዚያው ልክ ተስተካከለ። የእህቷ ሕመም የገበያ ወሬ እንዳይሆን ፈርታ ለማንም አልተነፈሰችም።

እትዬ ተሾመች ደግሞ የሚያውቁት ልጅቱ ታማ መክሳቷን ብቻ ነው። አንጀታቸው አልችል አለ። መጀመሪያ ለምራቂ ሦስት ቅጠል ጨመሩላት፤ ቀጥሎ አንድ እፍኝ፤ እያደር እፍኙ ክንድ ሙሉ ሆነ።

የሀያ የደም ምርመራ ውጤት ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ተበላሸ። በሦስተኛው ምርመራ ቀን መስኡዳ ከደሴ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ገበያ ደረሰች።

"ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ ዓለም?"

"የሀያ ደም ወፈረ አሉኝ፣ እትዬ። እንዲህ ከቀጠለ ረግቶ ቫልቩን ይዘጋዋል አሉኝ። ያ ረቢ፣ ምን አጠፋሁ? ኪኒኗን በሰዓቱ ነው የምሰጣት። ጎመኗም አንድ እስር ነው፤ ወላሂ ከዚያ አልፌ አላውቅም!"

"ኪኒንና ጎመን ደግሞ ምን አገናኛቸው?"

መስኡዳ ያን ጊዜ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረቻቸው። እትዬ ተሾመች በአንድ እጃቸው እስሩን፣ በሌላው ምራቂውን እንደያዙ ሰሙ። ከዚያ ምራቂውን አዩት። እስሩን ያክላል።

"ይኸንንስ?" አሉ በቀጭን ድምፅ። "ይኸንንም ትሠሪላት ነበር?"

"እሱማ ምራቂ ነው፣ እትዬ።"

ሌላ አገር ያለ ሐኪም ይህን መልስ ቢሰማ ግራ ይገባዋል። በእኛ ገበያ ግን ምራቂ አይቆጠርም፤ ከፍቅር የመጣ ነገር ማን ይለካል? ተመልሶ አይሰጥ፣ አይጣል፣ ድስት ውስጥ ይገባል።

እትዬ ተሾመች ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ነኝ" አሉ። "ልጅቱን ልጨርሳት የነበርኩት እኔ ነኝ።"

"አብሽሩ እትዬ፣ አላህ አተረፋት፤ ዛሬ አወቅነው" አለች መስኡዳ፤ አጽናኝ ሆና ቀረች።

እንደ እትዬ ተሾመች ያለ ሁሉን አዋቂ አብዛኛውን ጊዜ ሲሳሳት ሐኪሙን ይሰድባል። እሳቸው ግን በማግስቱ፣ ያውም በዋናው የገበያ ቀን፣ መደባቸውን ዘግተው ከእህትማማቾቹ ጋር ደሴ ሄዱ። "ዶክተር፣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፤ ከልጅቱ ላይ እጄን ልሰብስብ ነው የመጣሁ" አሏቸው። ሐኪሙ ምራቂውን ሰምተው ፈገግ አሉና ዋናው ነገር ልኩ መሆኑን ደግመው አስረዱ። እትዬ ተሾመችም በጥሞና አዳመጡ፤ ሊወጡ ሲሉ ግን አልቻሉም፣ ከበሩ ተመልሰው ጎመን ከተከተፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት መቆየት እንዳለበት ሐኪሙን አስተማሯቸው።

የሀያ ደም ከሳምንታት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። መስኡዳ አሁንም በየሁለት ቀኑ ትመጣለች። እትዬ ተሾመች እስሩን በልክ ባበጁት ገመድ አስረው፣ ከልኩ የተረፈች ቅጠል ካለች መዝዘው አስቀርተው እስሩን ብቻ ይሰጧታል። ከዚያ ሁለቱን እጆቻቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው "ቶሎ ሂጂልኝ፣ እጄ ሳያመልጠኝ!" ይሏታል።

በሐይቅ ገበያ ከእትዬ ተሾመች ምራቂ የማታገኘው ገዢ እሷ ብቻ ናት። መስኡዳ ይህን ላገኘችው ሰው ሁሉ በኩራት ታወራለች።