የእድራችን ድንኳን ጨረታ ገባ

ተናጋሪ ሰው የእድር ሰብሳቢ ይሆናል። ፊደል የቆጠረው ጸሐፊ ይሆናል። ዝም የሚለውን ምን ያደርጉታል? ቁልፍ ይሰጡታል። እኔም ፊደል አልቆጠርኩ፣ ነገር አላበዛ፣ ይኸው የላፍቶው እድራችን የዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሴ ከገባ ስንት ክረምት አለፈ። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ኪስ ግን ይቀደዳል። ስንት ሱሪ ጨርሶብኛል መሰላችሁ።

ዛሬ ግን ላውራ። የማወራው ደግሞ ስለ መንግሥት ጨረታ ነው። አትሳቁ!

ልጄ አስካለ ከአራት ሴቶች ጋር ተደራጅታ ሸራ ትሰፋለች። ድንኳን፣ የመኪና ሽፋን፣ የሱቅ ደጅ ጥላ፣ የመጣላቸውን ሁሉ። ወረዳው የሰጣቸው ሼድ ከጀሞ መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ አምስት የስፌት መኪና፣ አንድ ፈጽሞ የማይዘጋ ሬዲዮ። ችግሩ ሥራ ጠፋ። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ከወረዳ ሰው መጣና፣ እስከ መስከረም በቂ ሥራ ካልያዛችሁ ሼዱ ለሌላ ማኅበር ይተላለፋል አላቸው። አስካለ ያን ቀን እራቷን ሳትነካ ተኛች። ሬዲዮው እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ።

በዚያው ሰሞን ነው መንግሥት ጎርፍ ላፈናቀላቸው ሰዎች ድንኳን ሊገዛ ጨረታ ያወጣው። ሴቶቹ ሮጡ። ወረቀቱን ሁሉ አሟሉ። ማስያዣ የሚሆን ገንዘብ ባይኖራቸው ያደራጃቸው መሥሪያ ቤት የዋስትና ደብዳቤ ጻፈላቸው። ለካ ትንሽ መሆንም አንዳንዴ ይጠቅማል! አንድ ነገር ብቻ ጎደለ፤ ናሙና። ሙሉ ድንኳን፣ ከነምሶሶው፣ ተሰፍቶ ያለቀ። አዲስ እንዳይሰፉ ሸራ መግዣ የለም። በእጃቸው የሠሩት፣ እዩልኝ የሚባል ድንኳን አንድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የት ነው? እኔ ዕቃ ቤት።

እድሩ ተሰበሰበ። ተናጋሪዎቹ ተናገሩ። ከሁሉም በላይ የጮኸው ወዳጄ ቱሉ ነው። ቱሉን የማያውቅ ላፍቶን አያውቅም። ኮንዶሚኒየሙ ሳይመጣ በፊት ይህ ሁሉ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር። እሱም ከፎቁ ጀርባ ሁለት ላሞች ነበሩት። ላሞቹ አስፋልት ሲሻገሩ የጀሞ ታክሲ ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ረዳቶቹ «ባለርስቶቹ ይለፉ!» ይላሉ። እና ቱሉ ብድግ አለ። «የእድር ድንኳን ለሟች ነው እንጂ ለተጫራች አይደለም! እኔ ነገ ብሞት በጃንጥላ ልትቀብሩኝ ነው?» አለ።

አንዷ እኩያው ከኋላ፣ «አንተ ደግሞ መቼ ትሞታለህ! ሞት ራሱ ካንተ ጋር መከራከር ይፈራል» አለችው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱም ሳቀ። እጅ ሲወጣ ግን ብቻውን ተቃወመ። ስብሰባው ሲያልቅ ደግሞ ምሶሶዎቹን ተሸክሞ መኪና ላይ የጫነው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሱ ራሱ። «ቀስ በሉ፣ እንዳታጎብጡት!» እያለ።

ድንኳኑ ሄደ። ብዙም አልቆየ፣ ቱሉ ሞተ።

ጉድ አያችሁ? ተኝቶ አደረ፣ አልነቃም። ሐምሌ ነው፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ጥሩንባ ተነፋ። ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወደ ዕቃ ቤቱ መጣ፤ እኔም እንደ ልማዴ ከፈትኩ። ከፍቼ ምን ላሳይ? ወንበር አለ። ድስት አለ። የድንኳኑ ቦታ ባዶ ነው።

የታችኛው ሰፈር እድር ዘንድ ሰው ላክን፤ የእነሱም ድንኳን ሌላ ለቅሶ ቤት ተተክሏል። አንዱ ጎረምሳ፣ የሠርግ ድንኳን የሚያከራይ ጓደኛ አለኝ፣ ሮዝ መጋረጃና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለው አለ። ሁሉም ዞር ብሎ ሲያየው ሞባይሉን ኪሱ ከተተ።

አስካለ ጨረታውን ላወጣው መሥሪያ ቤት ደወለች። ናሙናው ከወጣ ከውድድሩ ወጣችሁ ማለት ነው አሏት። ስልኩን ዘጋች። ነጠላዋን አስተካከለች። «አባዬ፣ ሄጄ ላወጣው ነው። ጋሼ ቱሉ ዝናብ ላይ አይለቀስለትም» አለችኝ። ሼዱ እንደሚሄድ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ። እንዲህ ያለች ልጅ ኖራለች ከቤቴ!

ይህን የቱሉ ባለቤት ጫልቱ ሰማች። እያለቀሰች ወደ ጓሮ ዞረች። ስትመለስ የላሞቹን ድርቆሽ የሚያለብሱበትን አረንጓዴ ሸራ መሬት ለመሬት ትጎትታለች። «ድንኳኑን እዚያው ተዉት» አለች። «ቱሉ መከራከር ይወዳል እንጂ የሰው እንጀራ መዝጋት አይወድም። በሉ፣ ከዚህ ጀምራችሁ ስፉ።»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቁም! የአይሱዙው ሹፌር የጭነት ሽፋኑን ፈትቶ አመጣ። ባለሱቁ የደጁን ጥላ አወረደ። ጴንጤዎቹ ጎረቤቶቻችን ከቸርቻቸው ግቢ ሰማያዊ ሸራ ጠቅልለው፣ መዘምራኑን አሸክመው መጡ። አንዲት አሮጊት የአልጋ ልብሷን ይዛ መጣች፤ አመስግነን መለስናት። አምስቱ የስፌት መኪኖች ባንዴ መጮህ ጀመሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እነዚህ ግን ቸኩለውም አላፈሰሱም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ አጥፈው ደርበው ሰፉት፤ በላዩ ሰም ቀቡት። ሬሳ ሳይወጣ ድንኳኑ ቆመ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ፤ ባንዱ ጎን ደግሞ የባለሱቁ የለስላሳ ማስታወቂያ ተዘቅዝቆ። እውነቱን ልናገር? መልኩ ያስቅ ነበር። አቋቋሙ ግን ቱሉን ራሱን ይመስላል።

በማግስቱ አንድ ነጭ ፒካፕ ሼዱ ደጅ ቆመ። የጨረታው ገምጋሚዎች ናቸው። የተወዳዳሪዎቹን አቅም በዓይናቸው ለማየት፣ አስቀድመው ሳያሳውቁ ነው የሚመጡት። ሼዱ ዝግ ነው። ባለሱቁን ቢጠይቁት ሴቶቹ ለቅሶ ናቸው አላቸው። መጡ፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። መቼም ለቅሶ ቤት ደጅ ቆሞ ሰው አይጠራም። ነፍስ ይማር ብለው ገብተው ተቀመጡ። ንፍሮ ተዘገነላቸው።

ገና አንድ ጉንጭ ሳይበሉ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ! እርስ በርስ መሰማማት አቃተን። ሦስቱም ቀና ብለው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ሴትዮዋማ ዓይኗን ከመጋጠሚያ ወደ መጋጠሚያ ታመላልሳለች። አጠገቤ ያሉት አሮጊቶች ይህን አይተው ተንሾካሾኩ።

«የማን ልጅ ናት?»

«የቱሉ የእህት ልጅ ትሆናለች። አገጯን አታዪውም?»

«ቀና ያለችው እኮ እንባዋን ልትይዝ ነው። አንጀቴን በላችው!»

አንደኛዋ ተነሥታ ሄዳ አቀፈቻት። «አልቅሽ የኔ ልጅ፣ ይውጣልሽ» አለቻት። ሴትዮዋ ምን ትበል? «እሺ እማማ» አለች።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ይህን ድንኳን ከየት አመጣችሁት?» አለችኝ።

«ከየቤታችን።»

«ማን ሰፋው?»

በአገጬ ወደ አስካለና ወደ ጓደኞቿ አመለከትኩ።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

እጇን ሰዳ መጋጠሚያውን ዳሰሰችው። ጣቷን አየችው። ደረቅ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። የእኛ ድር ያን ቀን ዝናብ አሰረ።

ቃል ግን አልገባችም። ዋጋውም፣ ወረቀቱም፣ ናሙናውም ገና ይታያል ብላ ሄደች። ልክ ነች። የለቅሶ ቤት ንፍሮ ነጥብ አያሰጥም፤ ሊያሰጥም አይገባም።

ውጤቱ ሲወጣ ጨረታው ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነበርና አንዱ ለእኛ ሴቶች ደረሰ። ሁለቱን ትልልቆቹ አስመጪዎች ወሰዱ። ይውሰዱ! ሼዱ በእጃቸው ቀረ። ሬዲዮውም ተከፈተ። ሥራው ሲበዛ የሰፈሩ ሴት፣ መርፌ መያዝ የምትችል ሁሉ ገባች። የጭነት መኪናው ድንኳኑን ጭኖ ሲወጣ ጫልቱ ጥቁሯን እንደለበሰች ደጇ ላይ ቆማ በዓይኗ ሸኘችው።

ቆየት ብሎ በቴሌቪዥን ጎርፍ የሸሹት ሰዎች ታዩ። ድንኳን በረድፍ ተተክሏል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ካንዱ ድንኳን ብቅ አለች። ዝናብ ይዘንባል፤ የልጁ ፊት ደረቅ ነው። አስካለ ጣቷን ወደ መጋጠሚያው ቀሰረች። ታጥፎ የተደረበ ስፌት። የእኛ ነው! እኔ በዕድሜዬ ብዙ ዝም ብያለሁ። እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ዝምታ የለም።

ነገሩ ተወራ። ወረዳው ለትንንሽ ማኅበራት ሥልጠና ሲያዘጋጅ አስካለን ጠራት። እሷ ዕቃ ለማስረከብ ክፍለ ሀገር ነበረችና፣ እንግዲያው አባቷ መጥተው ልምድ ያካፍሉ ተባለ። እኔ! አዳራሹ ሞልቷል። ሁሉም እስክሪብቶ ደቅኗል። ማይክ እጄ ላይ አስቀመጡና፣ መንግሥት ለአደጋ ጊዜ የሚገዛውን ዕቃ ጨረታ ትንሽ ማኅበር እንዴት አድርጎ ነው የሚያሸንፈው ብለው ጠየቁኝ። አሰብኩ።

«ጎረቤት ይኑራችሁ» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጭብጨባው አይጣል ነው። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። ዓይኑን የጠረገም አለ። ከኋላ በኩል አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ እጇን አወጣች።

«አባባ፣ የግብር ክሊራንስ ወረቀት ከሌለንስ?»

ማይኩን መልሼ ተቀበልኩ።

«እሱ ከሌለማ፣ ልጄ፣ ጎረቤት የሚጠቅማችሁ አብሯችሁ ለማልቀስ ነው።»