የሁለት ቤት ድመት

ሰው ወዳጁን መንገድ ላይ ሲያገኝ ስለ ጤናው ይጠይቃል። እኔን ግን የአዳማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ድመቴ ነው። «አለቃ፣ ዐቃቢት ደኅና ናት?» ይሉኛል። ደኅና ናት ካልኋቸው በኋላ፣ ትዝ ካላቸው፣ የእኔንም ይጠይቃሉ። አይፈረድባቸውም። እኔን የመሰለ ሽማግሌ በየደብሩ ሞልቷል፤ እንደ እርሷ ያረጀች ድመት ግን ከሞጆ እስከ መቂ ብትፈልጉ አታገኙም።

ባለፈው ሁዳዴ የባቡር ጣቢያው ዘበኛ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። ድመት ባመጣ ቁጥር ትሞትበታለች። «አሁን ያለችውም አጥንቷ ወጥቷል፤ ልጆቼ እያለቀሱ ነው፤ የእርስዎ ድመት ምን በልታ ነው እንዲህ የኖረችው?» አለኝ። ተቀመጥ አልሁት። ለእርሱ የነገርሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ነገሩ የተጀመረው በመጽሐፍ ነው። መምህሬ ሲያርፉ የተዉልኝ የብራና የዜማ መጽሐፍ አለኝ። ደጋ ሳለሁ ከጢስ በቀር ጠላት አልነበረውም። ወደዚህ ቆላ ከወረድሁ ወዲህ ግን፣ ባቡሩ ሰውና ጨው ብቻ የሚያመጣ ይመስላችኋል? በእህል ጆንያ ውስጥ አይጥም ጭኖ ያመጣል። የአዳማ አይጥ ደግሞ እህል ሰልችቶት ብራና ያምረዋል። ብራና ምንድር ነው? የፍየል ቆዳ አይደለምን? እኛ በሁዳዴ ሽሮ ስንበላ አይጡ ፍየል ይበላ ነበር! የአንዱን ሰንበት ዜማ ከነምልክቱ ቆረጠመው። እኔ ያን ዜማ ለመማር ስንት ዘመን በመምህር ደጅ ወድቄአለሁ፤ እርሱ ባንድ ሌሊት ዘለቀው።

ስለዚህ ድመት አመጣሁ። ጎበዝ ነበረች፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ከሳች፤ ሆሳዕና ሳይደርስ ሞተች። በዓመቱ ሌላ አመጣሁ፤ እርሷም እንደዚያው ሆነች። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመርመር አላስፈለገኝም። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ ጾም ሊያዝ ሲል የወተቱን ቅልና የሥጋውን ድስት በአመድ ፈትጋ፣ አጥባ፣ ሰቅላ ታኖራለች። እስከ ፋሲካ የወተት ጠብታ ደጃፋችንን አይረግጥም። ለድመቲቱም ሽሮ ይቀርብላታል። ድመት ሽሮን ታሸታለች፣ ዐይን ዐይናችሁን ታያለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። አይጥ አትበላም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የተራበች ድመት በምን ጉልበቷ ትይዘዋለች? አይጡማ ፍየል በልቶ ጠንክሯል!

«ለድመቲቱ እንኳ ትንሽ ወተት ይግባላት» ብላት ወይዘሮ አስካለ ተቆጣች። «እርስዎ አይደሉም እንዴ በነነዌ ጊዜ ላሙም በጉም ጾሟል ብለው ያስተማሩ? ከነነዌ በግ የእኛ ድመት ትበልጣለች?»

«ያ ሦስት ቀን ነው፤ ይህ እኮ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለሕዝቡ ይህን ለምን አልነገሩትም?»

በጉባኤ ስንቱን የረታሁ ሰው በጓዳዬ ተረታሁ።

ሦስተኛይቱ ዐቃቢት ናት። ስሟን በግእዝ ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ጠባቂ ማለት ነው። የጾሙ እኩሌታ ላይ ጠፋች። ሞተች ብዬ ለእርሷም ለመጽሐፌም አዘንሁ። በማግስቱ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት ጎረቤቴ፣ ነጋዴው ሼህ ይመር፣ ከአጥሩ ወዲያ ጠሩኝ።

«አለቃ! ድመትዎ እኔ ዘንድ ናት። ወተት ሰጠናት፤ የበግ ጉበትም ቀምሳለች።»

ወይዘሮ አስካለ ከኋላዬ ሆና፣ «ማን ያረደው በግ?» አለች።

«እኔው ነኛ፣ እሜቴ!»

«ወይኔ! ሰለመች!»

ባገራችን ሃይማኖት በቢላዋ እንደሚለይ ታውቃላችሁ። እኛ ያረድነውን እነርሱ አይቀምሱም፤ እነርሱ ያረዱትን እኛ አንቀምስም። ወይዘሮ አስካለ ድመቲቱን አስመጥታ ጠበል ልትረጫት ተነሣች። ድመት ከውሃ ጋር ያላትን ፍቅር መቼም አልነግራችሁም። ጠበሉ የፈሰሰው በእኔ ላይ ነው። ዐቃቢት አጥሩን ዘላ ወደ ሼሁ ተመለሰች። እርሳቸውም ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው፣ «ይተዉአት፣ እሜቴ፤ ፋሲካ ሲሆን የክርስቲያን ሥጋ በልታ ትመለስልዎታለች» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። በፋሲካ ማለዳ እኛ ሳንቀመጥ እርሷ ቀርባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ሼህ ይመር ዘንድ ትውላለች። በረመዳን ቀን ቀን የእኛ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የእነርሱ። ለሼሁ ቤት ወተት የምታመጣው የቦሰት ሴትዮ «አዱሬ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ ድመት ማለቷ ነው። በዚህም ስም ብትጠሯት ትመጣለች፤ ቅሉን እስካየች ድረስ። የአጽዋማትን መግቢያ እኔ በጣቴ ቆጥሬ ሳልጨርስ እርሷ በአፍንጫዋ ትደርስበታለች።

ታዲያ ዕረፍት አገኘሁ? ለጊዜው አገኘሁ። ኋላ ግን ዐቃቢት ወፈረች። የገናው ከእኛ፣ የዒዱ ከእነርሱ፣ የሰርጉ ከሁለታችንም ሆነና ሆዷ መሬት ይጠርግ ጀመር። ጥቂት ተራምዳ ታለከልካለች። አንድ ቀን በቀትር አይጥ መጥቶ በፊቷ የመጽሐፌን ኅዳግ ሲቆረጥም ዐይኗን ገልጣ አየችው፤ መልሳ ጨፈነች። ድመት በረኃብ ብቻ ሳይሆን በጥጋብም እንደምትሞት ያን ቀን ገባኝ። ባወጣሁላት ስምም አፈርሁ።

ከዚያ ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት መጣ። ጠዋት ወደ እኛ ስትመጣ ድስቱ ተሰቅሏል። ወደ ሼሁ ስትሄድ ምድጃው ቀዝቅዟል። ተመልሳ አጥሩ ላይ ወጣችና ሁለቱን ቤት በየተራ ታይ ጀመር። ይህችም ልትሞትብኝ ነው ብዬ ወደ ሼሁ ሮጥሁ። ቀንም ጥቂት ይጣልላት ብዬ ለመንኋቸው።

«አለቃ» አሉኝ፣ «ፀሐይ ስትጠልቅ ከእኛ ጋር ታፈጥራለች። ቀን ግን እንኳን ሥጋ፣ እሳትም የለን።»

ምን ይደረግ? ቀን ጾሟን እየዋለች ማታ ማታ አንድ ጊዜ ደኅና አድርጋ ትበላ ጀመር። ጥቂት ሰነበተችና ሆዷ ከመሬት ተነሣ። አጥሩን መዝለል ቻለች። አንድ ጠዋት ጠፍታብኝ ስፈልጋት፣ ከመጽሐፉ ሣጥን ኋላ አይጥ በአፏ ይዛ ወጣች።

ወይዘሮ አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ነነዌ!» አለችኝ።

ዘበኛው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ «እንግዲያው መድኃኒቱ ጾም ነው?» አለ።

«አይደለም፤ የፊተኞቹን የገደላቸው እርሱ ነው።»

«ታዲያ ጥጋብ ነው?»

«ዐቃቢትን ሊገድላት ነበር።»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ አለቃ? ልጆቼ ይጠብቁኛል!»

«የአዳማ ፀሐይ አይምርምና ውሃ በገል አኑርላት። የአይጥ መርዝ ቤትህ አታግባ፤ አይጡን ስትገድል እርሱን የበላችውንም ትገድላለህ። ከሁሉ በላይ ግን ከአንተ የተለየ ጾም የሚጾም ጎረቤት ያስፈልግሃል።»

ፊቱ ጠቆረ። «በግራም በቀኝም ያሉት የማኅበር ወንድሞቼ ናቸው። ሁሉም እንደኔው ሁዳዴን ነው የሚጾሙ።»

«ቤት ቀይር» አልሁት።

ቀየረ። ድመቱ ደኅና ናት። አሁን እርሱንም መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ድመቱ ነው፤ የእርሱን ጤና የሚጠይቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ እርሱንም፣ ትዝ ካለኝ።