ሰይጣን ስንት ዓይን አለው?

ፈሪ ሰው ደፋር የሚባልበትን ቦታ ፈልጎ አያጣም። አንዳንዱ ሚስቱ ላይ ይጮኻል፤ አንዳንዱ ከሞተ ጅብ ጋር ፎቶ ይነሳል። እኔ የበረዶ ሆኪ በረኛ ሆንኩ። «ከደርግ ጥይት አምልጦ የመጣ ልጅ በፈቃዱ ይደበደባል?» እያላችሁ እንደምታሙኝ አውቃለሁ። ምን ላድርግ? ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ አርፎ መቀመጥ ያልሆነልኝ ሰው ነኝ፤ የአምስተርዳሙ ቡድንም በር ላይ የሚገትረው ሞኝ ቸግሮት ነበር።

ጨዋታው ላልገባችሁ፦ አሥር ጎልማሳ ምላጭ በተተከለበት ጫማ በረዶ ላይ እየተንሸራተተ፣ ፓክ የሚባል እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጥቁር ጎማ በዱላ ይለጋል። የበረኛው ሥራ ጤነኛ ሰው የሚሸሸውን ነገር በገላው መቀበል ነው። ይህ ደግሞ ትጥቅ ይፈልጋል። የእግሬ መከላከያ ከአንድ ጡረተኛ በረኛ የወረስኩት፣ በፈረስ ፀጉር የተሞላ ቆዳ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ፈረሱ ራሱ እግሬ ላይ የተኛ ይመስለኛል። የደረቴን የሰፋሁት ኦስዶርፕ ሰፈር ሰው ደጅ አውጥቶ ከጣለው ሶፋ ስፖንጅ ነው። ፓክ ሲያገኘኝ አቧራ እተፋለሁ።

ጭምብል ግን አልነበረኝም፤ የኬስን ነበር የምዋሰው። ኬስ ሁለተኛው በረኛችን ነው፤ ቦታዬን ድመት አይጥ ጉድጓድ ላይ እንደምትቀመጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ። አሰልጣኙ «ቅዳሜ ከዴን ሃግ ከተማ ቡድን ጋር አንተ ትቆማለህ፤ ካሸነፍን ቦታው ያንተ፣ ከተሸነፍን የኬስ» ያለ ዕለት፣ ኬስ ጭምብሉን ብድግ አድርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ምን ይፈረድበታል?

የምሠራው ዛንዳም ከተማ፣ ጀልባ ጥገና ቤት ነው። አለቃዬ አዝኖልኝ የጀልባ ሆድ በሚደፍንበት ፋይበርግላስ ጭምብል ሊሠራልኝ ፊቴን ቫዝሊን ቀብቶ፣ በአፍንጫዬ ሁለት ስትሮ ሰክቶ፣ ጄሶ አፈሰሰብኝ። በስትሮ እየተነፈስኩ ጠላቶቼን ሁሉ ይቅር አልኩ፤ ከኬስ በስተቀር። ጭምብሉ ቁርጥ የኔን ፊት መስሎ ወጣ። ችግሩም ይኸው ነው፤ የኔን ፊት አይቶ የደነገጠ ሰው እስከዛሬ የለም።

ስለዚህ ዴን ሃግ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ሄጄ የጋሽ ተስፋዝጊን በር አንኳኳሁ። ጋሽ ተስፋዝጊ የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የለመዱት አዲስ አበባ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሲስሉ ነው። «ጋሽዬ፣ የሚያየው ሁሉ እንዲርበተበት ሰይጣን ይሳሉልኝ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና «መልአክ አይሻልህም?» አሉኝ። «መልአክ ማን ይፈራል?» ብላቸው «አይ ዘመን!» አሉ። «እኔ ሰይጣንም ቢሆን በሥርዓቱ ነው የምስለው» ሲሉኝ «በሥርዓቱ ይሁን» አልኩ። ትምህርት ያቋረጠ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሥርዓቱ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ጭምብሉን በነጭ ሻሽ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሥዕል ተጋርዶ ነው የሚሄደው፣ ባቡር ላይ እንዳትገልጠው፣ እርጉዝ ብታየው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል ብለው አስማሉኝ። ማልኩ፤ አልገለጥኩም።

የገለጥኩት መልበሻ ክፍል ነው፤ ጨዋታው ሊጀመር አሥር ደቂቃ ሲቀረው። ወይ ውበት! ቀንዱ፣ ጥርሱ፣ እንደ በርበሬ የቀላ ምላሱ! ሰይጣኑ ግን ወደ ጎን ዞሯል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግድግዳው ላይ አላያችሁም? ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ሰይጣንና ይሁዳ በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። ጋሽ ተስፋዝጊ ጭምብሉን እንደ መቅደስ ግድግዳ ጨርቅ ለጥፈውበት፣ የግራ ዓይኔን ቀዳዳ በሙጫና በእንጨት ብናኝ ደፍነውታል። ዓይኔ በነበረበት የሰይጣን ጆሮ በቅሏል።

በቤቴ ቁልፍ ፈለፈልኩት፤ ቁልፉ ጎበጠ። ኬስ አጠገቤ ጭምብሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «ምነው፣ ልክህ አልሆነም እንዴ?» አለኝ። ፈገግታው! አውሰኝ ብዬ ብጠይቀው ራሱ አጥልቆት እንደሚገባ አውቃለሁ። «ልክክ ብሏል» አልኩና አጠለቅሁት።

በረዶው ላይ ስወጣ ግማሹ ዓለም የለም። የመጀመሪያው ጎል በግራ ገባ፤ ድምፁን ብቻ ሰማሁት። አሰልጣኙ ምን እያየህ ነው ብሎ ጮኸ። ግራውን ለማየት አንገቴን ወደ ግራ አዞርኩ። ዴን ሃጎቹ ደግሞ ቀኙን የረሳሁ መስሏቸው ወደ ቀኝ ይለጉ ጀመር፤ ያለችኝ አንዲት ዓይን ያለችው እዚያው! ያዝኩ፣ ደገምኩ፣ ሠለስኩ። የኛዎቹም ሁለት አገቡ።

አንድ ደቂቃ ሲቀር ግዙፉ አምበላቸው ብቻውን አመለጠ። በግራዬ ገባና ጠፋኝ። ምላጩ በረዶውን ሲቀድ ይሰማኛል፤ ቀረበ፤ ከዚያ ምላጩ ዝም አለ፤ ሊለጋ ነው። ዝምታውን ነው የፈራሁት። ወደ ዝምታው ፊቴን ይዤ ተወረወርኩ። ጓ! ፓኩ የሰይጣኑ ጆሮ ላይ አረፈ። ቀዳዳው ክፍት ቢሆን ኖሮ ዓይኔ እዚያው ቀርታ ነበር። አሸነፍን፤ ኬስ ጭምብሉን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

እዚህ ላይ ባበቃ ምን ነበረበት? እኔ ግን አርፌ አልቀመጥ ብዬ ሙርዋይክ ተመለስኩና ሁለተኛውን ዓይን ይክፈቱልኝ አልኳቸው። ጋሽ ተስፋዝጊ ተቆጡ፤ «ሰይጣንን በሁለት ዓይን ስዬ በስተርጅና ልኮነንልህ? ሁለት ዓይን ካማረህ ጻድቅ ትሆናለህ!» አሉኝ። ጻድቅ ሆንኩ። ሰይጣኑን ፍቀው፣ ቀዳዳውን ከፍተው፣ ዓይኑ የሚያባባ መልአክ ሳሉልኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ፊት ለፊት ቆሜ፣ እያንዳንዷን ፓክ ከተነሳችበት ጀምሮ በሁለት ዓይኔ እያየሁ፣ ስድስት ገባብኝ። ወዴት እንደማይ ያልገባው አጥቂ አልነበረም። አሰልጣኝ ቃሉን የሚጠብቀው ጎል እስኪገባ ነው፤ ቦታውን ለኬስ ሰጠው።

ጋሽ ተስፋዝጊ ሲሰሙ ምንም አልደነቃቸውም። የጻድቃን ቦታ በስተቀኝ ነው፣ ታግሠህ ተቀመጥ አሉኝ። የኛም የተጠባባቂ አግዳሚ ወንበር ከበሩ በስተቀኝ ነው። ጨዋታው ከዚያ ምን ያህል ጥርት ብሎ እንደሚታይ ልነግራችሁ አልችልም።