የጃርሶ «ኦኬ»

ዕድሜ የሚነቅለው ጥርስን ብቻ አይደለምና የመኪናውን ቀለም ወይም የወሩን ስም ባሳስት አንባቢ ይታገሠኝ። ቃሏን ግን አልስትም፤ «ኦኬ» ነበረች።

ከእንግሊዞች ሰፈር ወደ ነገሌ ያመጣት የጭነት መኪና ሹፌሩ ጃርሶ ነው። ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው እሷኑ ብቻ ነበር፤ ግን ምን ጎደለበት? ሞተሩ ሲነሣ ኦኬ፣ ሲጠፋም ኦኬ፤ ወጥ ሲጨመርለት ኦኬ፣ ሲበቃውም ኦኬ፤ ተሳፋሪ ሲጨቃጨቀው ደግሞ አንድ ረጅም ኦኬ። ቦረና «ናጋ»፣ ሰላም፣ በምትል አንዲት ቃል ሰውንም ከብቱንም ዝናቡንም ሲጠይቅና ሲመልስ ኖሯልና፣ ኦኬ ለናጋ በረዳትነት የተቀጠረች ትመስል ነበር።

ታዲያ ባለቤቴ ዘነበች ታማ ክብረ መንግሥት ሐኪም ዘንድ ሰነበተች። ሲሻላት ይዟት እንዲመጣ ጃርሶን ለመንሁት። መኪናው ገበያው ዳር ሲቆም ሮጬ ጋቢናውን ባይ ከጃርሶ በቀር ማንም የለም። «ዘነበችስ?» ብለው፣ ወርዶ አቧራውን አራገፈና «አካም? ናጋ?» አለኝ። ብደግምበት የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ አደም ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው ገሠጹኝ፦ «አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል! ከመንገድ የገባ ሰው ሰላም ሳይባል ወሬ ይጠየቃል? በዚህ አገር ከሚስት በፊት ከብት ነው!»

ምን ላድርግ? ጨዋ ልባል ብዬ ጀመርሁ። ከብቱ እንዴት ነው? ኦኬ። ግመሎቹስ? ኦኬ። የዱብሉቅ ጉድጓዶች ውኃስ? ኦኬ። ጃርሶ አንዲት ፍየል እንኳ የለውም፤ የመጣውም በዱብሉቅ በኩል አይደለም! ዝናቡ ላይ ስደርስ፣ ከጭነቱ አናት ሸራው ተገለጠ። የቤንዚኑን ሽታ ሽሽት ጆንያዎቹ ላይ የተቀመጠችው ዘነበች፣ አቧራ ለብሳ ብቅ አለች።

«አንተ ሰው፣ ዝናቡን ከጨረስህ አውርደኝ፤ ወይስ ንቦቹ ቀርተውሃል?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ አደም ብቻ ኮስተር እንዳሉ፣ «አየህ? በሥርዓት ሲጠየቅ ደኅና ይገኛል» አሉ።

የጃርሶን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት፣ መኪናውን ሸጦ ሜጋ ላይ ከብት መግዛቱን አንድ የጨው ነጋዴ በነገረን ዕለት ነው። ዘነበች ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እሱን ልትጠይቅ ከሄድህ ስንቅ አብዝተህ ያዝ፤ አሁንማ ሰላምታው የእውነት ከብት አለበት» አለችኝ።